የግቢ መንገድ በድንጋይ ስናነጥፍ፦ በመጀመሪያ ውሃው የት ይሂድ?



በሰኔ የፈተና ሰሞን ወይም በመስከረም መባቻ የአንድን ትምህርት ቤት ግቢ የተመለከተ ሰው፣ የግቢውን አያያዝ ማንንም ሳይጠይቅ ከመንገዱ ይረዳዋል። ከመማሪያ ክፍል እስከ ቧንቧው፣ ከቧንቧው እስከ መጸዳጃ ቤቱ ያለው መንገድ ጭቃ ከሆነ፣ ጭቃው እዚያው አይቀርም። በልጆቹ እግር ተጭኖ ክፍል ይገባል፤ ከወለሉ ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ ደብተሩ ይተላለፋል። ከዚያ በከፋ ሁኔታ ደግሞ ያው ጎርፍ ወደ መጸዳጃው ጉድጓድ ገብቶ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣና ልጆች በሚረግጡት መሬት ላይ ያሰጣዋል። እኛ ዕጩ መምህራን ነገ ከምንመደብባቸው ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ግቢ ያላቸው ናቸው። ስለዚህ የድንጋይ መንገድ አሠራር የግንበኛ ጉዳይ ብቻ ነው ብለን የምንተወው ነገር አይደለም።

ብዙ ሰው መንገድ የሚያበላሸው የእግር ብዛት ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። መንገድን የሚያበላሸው ውሃ ነው። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እንደሚባለው፣ በመጀመሪያው ክረምት ከድንጋዩ ሥር ትንሽ አሸዋ ይሰርቃል፤ በሁለተኛው አንድ ድንጋይ ይሰምጣል፤ በሦስተኛው መንገዱ ቦይ ሆኖ ቁጭ ይላል። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ይኸው ነው፦ ድንጋይ ከማቅረባችን በፊት የዝናቡ ውሃ ከየት መጥቶ፣ በየት አልፎ፣ የት እንደሚያርፍ መወሰን አለብን። የቀረው ሥራ ሁሉ ከዚህ ውሳኔ በኋላ የሚመጣ ነው።

1ኛ/ የአካባቢያችን ጠባይ

ዊንጌት የሚለው የሰፈራችን ስም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1946 ከተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው። ቦታው በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በሚወርደው ተረተር ላይ ነው። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ሲደርስ፣ የከተማው ደቡባዊ ዳርቻ ግን ወደ 2,200 ሜትር ግድም ይወርዳል። በመሆኑም በእኛ ሰፈር ውሃ በጠቅላላው ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሮጣል ማለት ነው።

እንጦጦ ታላቅ የውሃ ክፋይ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል። በሰሜኑ ገጽ የሚወርደው ዝናብ ወደ ዓባይ ተፋሰስ ሲሄድ፣ በእኛ በኩል የሚወርደው በየወንዙ አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ከደጃችን የምናስወጣው ባልዲ ውሃ እንግዲህ ረጅም መንገድ ያለው ነው። የመጀመሪያው ጣቢያው ግን አዋሽ አይደለም፤ ከእኛ በታች ያለው ጎረቤት ነው። ይህን ኋላ እንመለስበታለን።

አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ከዚህም የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ የሚወርድ ነው። ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ እኩል ተከፋፍሎ ቢዘንብ ኖሮ መሬቱ ቀስ እያለ ይጠጣው ነበር። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲደፋ ግን መሬቱ የመጠጫ ጊዜ ስለማያገኝ ውሃው በላዩ ይሮጣል።

ከዚህ ሁኔታ ሁለት ዓይነት መንገድ ይገኛል። ከሰሜን ወደ ደቡብ ቁልቁል የሚወርድ መንገድ ራሱ ወራጅ ውሃ ይሆናል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተረተሩን አቋርጦ የሚሄድ መንገድ ደግሞ ከላይ የመጣውን ጎርፍ ሁሉ እንደ ግድብ ይቀበላል። የመጀመሪያው በየቦታው ውሃውን የሚያስወጣ ተሻጋሪ ቦይ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ከላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ያስፈልገዋል። የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳይለዩ ሥራ መጀመር ድካም ማባከን ነው።

2ኛ/ ይህ ዕውቀት ለአገራችን አዲስ አይደለም

ስለ ድንጋይና ስለ ውሃ ማወቅ ከውጭ የመጣልን ነገር ብቻ አድርጎ የሚያስብ ቢኖር ወደ ላሊበላ ይመልከት። አብያተ ክርስቲያናቱ ወደ ታች ከአንድ አለት የተፈለፈሉ ናቸው። ወደ ታች የተቆፈረ ግቢ ደግሞ መውጫ ካላበጁለት በክረምት ገንዳ ይሆናል። ጠራቢዎቹ ይህን ስላወቁ በዙሪያው ሰፊ የውሃ ማፍሰሻ ቦይ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ሥፍራ የሚደነቀው በሕንፃው ብቻ ሳይሆን በእነዚህ ቦዮችና መተላለፊያዎችም ጭምር ነው።

በደቡብ ያለው የኮንሶ እርከንም ሌላው ምስክር ነው። ያለ ሲሚንቶ የተደረደረው የድንጋይ ግንብ በአንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። አፈርን ይይዛል፣ የተረፈውን ውሃ ግን ያሳልፋል። በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የኮንሶ ገበሬ የሚያስተምረን ቁም ነገር ቢኖር፣ ውሃን ታግሎ ማስቆም እንደማይቻልና መንገድ እየሰጡ ማብረድ እንደሚገባ ነው።

በከተማችን ደግሞ ከ2000 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ የኮብልስቶን ሥራ በየቀበሌው ተስፋፍቶ ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆኗል። ስለዚህ በየሰፈሩ ድንጋይ መጥረብና ማንጠፍ የሚችል ሰው ማግኘት አያዳግትም። ባለሙያ ከተገኘ ጠይቆ መማር ነው።

3ኛ/ ተዳፋት ምንድን ነው?

ተዳፋት ማለት አንድ ቦታ በተወሰነ ርዝመት ውስጥ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል የሚያሳይ ልክ ነው። አሰላሉ ቀላል ነው፤ ዝቅታውን ለርዝመቱ አካፍሎ በ100 ማብዛት ነው። በ1 ሜትር ውስጥ 2 ሳ.ሜ. ዝቅ ካለ ተዳፋቱ 2 በመቶ ነው። ለመንገዳችን ሁለት ተዳፋት ያስፈልገናል።

ሀ) የጎን ተዳፋት። ይህ በመንገዱ ስፋት በኩል ያለው ነው። ለስላሳ ንጣፍ ከሆነ 2 በመቶ ይበቃዋል። ተጠርቦ ያልተስተካከለ ሸካራ ድንጋይ ከሆነ ግን ውሃው በጎድጓዳው ስለሚዘገይ ከ2.5 እስከ 3 በመቶ ቢሆን ይሻላል። መንገዱ 1.2 ሜትር ስፋት ካለው 2 በመቶ ማለት 2.4 ሳ.ሜ. ብቻ ነው። በዓይን የማይታይ ይመስላል፤ ውሃው ግን አይቶት ይሄዳል።

ለ) የርዝመት ተዳፋት። ይህ በመንገዱ ሂደት በኩል ያለው ነው። ከ1 በመቶ ባያንስ ጥሩ ነው። ከ8 በመቶ በላይ ሲሆን በዝናብ ጊዜ ያንሸራትታል። ከዚያ በላይ ቁልቁለት ሲገጥም ደረጃ መሥራት ይበጃል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ልጅ ላለበት ግቢ ግን ደረጃ መንገድ መዝጋት ነው። ለእሱ የሚሠራው መወጣጫ ለ1 ሜትር ከፍታ ከ12 ሜትር ያላነሰ ርዝመት ሊኖረው ይገባል፤ የጎን ተዳፋቱም ከ2 በመቶ መብለጥ የለበትም። ይህን ገና ከመጀመሪያው ካላሰብንበት ኋላ አፍርሶ መሥራት ይመጣል።

ሁለቱ ተዳፋቶች ሲገናኙ ውሃው በሰያፍ ይሄዳል። የርዝመቱ 3 በመቶ፣ የጎኑ 2 በመቶ ቢሆን ውሃው 2 ሜትር ወደ ጎን ለመሄድ 3 ሜትር ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ 1.2 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ ለቆ እስኪወጣ 1.8 ሜትር ብቻ ቁልቁል ይጓዛል። የርዝመቱ ተዳፋት 8 በመቶ ቢሆንስ? ያን ጊዜ 4.8 ሜትር ይጓዛል። በዚህ ሁሉ ርቀት ኃይል እየጨመረ አሸዋውን ይልሳል። ቁልቁል መንገድ ላይ በየ5 ወይም በየ6 ሜትሩ ሰያፍ ተሻጋሪ ቦይ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐ) ሕንፃ አጠገብ ሲሆን። ከግድግዳው ጀምሮ ያለው የመጀመሪያው 3 ሜትር አፈር ቢያንስ 15 ሳ.ሜ. ዝቅ እያለ ከቤቱ መራቅ አለበት፤ ይህም 5 በመቶ ነው። ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የሚነጠፍ ድንጋይ ደግሞ ፊቱ ከክፍሉ ወለል 15 ሳ.ሜ. ያህል ዝቅ ማለት ይገባዋል። ተዳፋቱም ሁልጊዜ ከግድግዳው ወደ ውጭ ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳ እግሩ ከራሰ ጭቃው ይረግፋል፣ ማገሩና ቋሚው ይበሰብሳል። ወደ ግድግዳ ያዘነበለ ቆንጆ መንገድ ከመሥራት ምንም አለመሥራት ይሻላል።

4ኛ/ ያለ ውድ መሣሪያ መለካት

ለሥራው የሚያስፈልጉን ሜትሮ፣ ሲባጎ፣ ካስማዎች፣ ውሃ ልክ፣ አንድ ቀጥ ያለ ጣውላና 10 ወይም 15 ሜትር ያህል ግልጽ የጎማ ቱቦ ናቸው።

የመሬቱን ዝቅታ በቱቦው እንለካለን። ቱቦውን ውሃ እንሞላና አየር እንዳይቀርበት እናደርጋለን። ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይዘው ይቆማሉ። ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ እንደሚቆም ከሳይንስ ትምህርት እናውቃለን። ከላይ በኩል ያለው ሰው ውሃው ከመሬት 50 ሳ.ሜ. ላይ መሆኑን ቢያነብ፣ ከታች ያለው ደግሞ 80 ሳ.ሜ. ቢያነብ፣ ታችኛው መሬት በ30 ሳ.ሜ. ዝቅ ይላል ማለት ነው። በመካከላቸው 10 ሜትር ካለ ተዳፋቱ 3 በመቶ ነው። ረጅም መንገድ ሲሆን እየተቀባበሉ መለካትና ዝቅታውን መደመር ነው።

የጎን ተዳፋቱን ለመጠበቅ ደግሞ አንድ ብልሃት አለ። 1 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላ ይወሰድና በአንደኛው ጫፍ ሥር 2 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው እንጨት ይመታበታል። ባለ እንጨቱን ጫፍ ውሃው በሚወጣበት በዝቅተኛው በኩል እያደረግን፣ ውሃ ልኩን በጣውላው ላይ እናስቀምጣለን። የውሃ ልኩ አረፋ መካከል ላይ ከቆመ ተዳፋቱ ልክ 2 በመቶ ነው። 3 በመቶ ስንፈልግ 3 ሳ.ሜ. እንጨት መምታት ነው። በዚህ ጣውላ በየ1 ሜትሩ መፈተሽ ልማድ ይሁን።

ማዕዘን ለማውጣት 3፣ 4ና 5 ሜትር ላይ ምልክት የተደረገበት ገመድ ይበቃል። ሦስቱ ጎኖች ሲወጠሩ በ3 ሜትሩና በ4 ሜትሩ መካከል ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ ይሆናል። በክፍል ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ የምናውቀው የፓይታጎረስ ሕግ መሬት ላይ ሲሠራ የሚታየው እዚህ ነው።

5ኛ/ ውሃውን በበርሜል እንቁጠረው

1 ሚሊሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። አሁን 20 ሜትር ርዝመት ያለውን የመማሪያ ክፍል እናስብ። በፊት ለፊቱ በኩል የሚያዘነብለው የጣሪያው ግማሽ 4 ሜትር ስፋት ቢኖረው 80 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ጊዜ 30 ሚሊሜትር ቢዘንብ ከዚህ ጣሪያ 2,400 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር በርሜል 12 ይወርዳል።

በዚያው ፊት ለፊት 20 ሜትር ርዝመት፣ 1.2 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ 24 ካሬ ሜትር ስለሆነ በራሱ ላይ የሚወርደው 720 ሊትር ብቻ ነው። 4 በርሜል እንኳ አይሞላም። ታዲያ የመንገዱ ጠላት ማነው? ጣሪያው ነው ማለት ነው። አሸንዳ ተሰቅሎ ውሃው ወደ በርሜል ወይም ወደ ቦይ ካልተመራ በቀር፣ ከጣሪያ ጠርዝ የሚወርደው ጠብታ ሥር ድንጋይ ማንጠፍ አሸዋውን ለጎርፍ መስጠት ነው። አሸንዳ ለመግዛት አቅም ከሌለ መንገዱን ከጠብታው መስመር ማራቅና በጠብታው ሥር ጠጠር የተሞላ ቦይ ማድረግ ይቻላል።

6ኛ/ አሠራሩ በቅደም ተከተል

የሥራው ወቅት በጋ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ቢጀመር የበልግ ዝናብ ሲመጣ መፈተኛ ይሆነናል፤ ጉድለቱም ክረምት ሳይገባ ይታረማል።

1. ቅየሳ። ካስማ ተክሎ ሲባጎ መወጠር። ለሁለት ሰው መተላለፊያ 1.2 ሜትር ስፋት ይበቃል።

2. ቁፋሮ። ሥርና ቅጠል ያለበት የላይኛው አፈር ይነሣል። ድንጋዩ 10 ሳ.ሜ.፣ አሸዋው 4 ሳ.ሜ.፣ ገረጋንቲው 12 ሳ.ሜ. ከሆነ በጠቅላላው 26 ሳ.ሜ. ነው። የመንገዱ ፊት በዝቅተኛው ጠርዝ በኩል ካለው መሬት በ2 ሳ.ሜ. ከፍ እንዲል 24 ሳ.ሜ. እንቆፍራለን። እዚህ ላይ በብርቱ የምናሳስበው፣ ተዳፋቱ የሚጀምረው ከቁፋሮው ወለል መሆኑን ነው። ወለሉን ልሙጥ አድርጎ ቆፍሮ ተዳፋቱን በአሸዋ ለማምጣት መሞከር አይገባም፤ አሸዋው በበዛበት በኩል መንገዱ ይሰምጣል።

የአፈሩ ዓይነትም ይታይ። ቀይ አፈር ለሥራ ይመቻል። መረሬ ወይም ዋልካ የምንለው ጥቁር አፈር ግን ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ጠለቅ አድርጎ መቆፈርና የገረጋንቲውን ንጣፍ ከእጥፍ ያላነሰ ማድረግ ያስፈልጋል።

3. ገረጋንቲ። በሁለት ጊዜ፣ በየ6 ሳ.ሜ. እየተነጠፈ፣ ትንሽ ውሃ እየተርከፈከፈበት በመጠቅጠቂያ ይጠቀጠቃል። ለምሳሌያችን መንገድ 24 በ0.12 ሲባዛ 2.88 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሲጠቀጠቅ ስለሚያንስ ሩብ ጨምሮ 3.6 ሜትር ኩብ ማስመጣት ነው። ስኮትላንዳዊው ጆን ማክአዳም (1756–1836 እ.ኤ.አ.) ለዓለም ያስተማረው ዋና ነገር፣ የመንገድን ጭነት በመጨረሻ የሚሸከመው የተፈጥሮ መሬቱ መሆኑንና ያም መሬት የሚሸከመው ደረቅ እስከሆነ ድረስ ብቻ መሆኑን ነው። ለ9 ሜትር ሰፊ መንገድ እንኳ መካከሉ ከጠርዙ በ7.5 ሳ.ሜ. ከፍ ቢል በቂ ነው ይል ነበር። ከመጠን ያለፈ ተዳፋትም እንደማያስፈልግ ከዚህ እንረዳለን።

4. የጠርዝ ድንጋይ። ረዘም ያሉ ድንጋዮች በሁለቱም ጎን በሲሚንቶ ይያዛሉ፤ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ ይበቃል። ጠርዝ የሌለው መንገድ እንደ ተፈታ ነዶ ይበተናል። ውሃ በሚወጣበት በኩል ያለው የጠርዝ ድንጋይ ግን ከመንገዱ ፊት ከፍ ማለት የለበትም፤ ከፍ ካለ ግድብ ሆኖ ውሃውን መንገዱ ላይ ያቁራል።

5. አሸዋ። 5 ሳ.ሜ. ያህል ሳይረገጥ ተነጥፎ በጣውላ ይስተካከላል። 24 ካሬ ሜትር 1.2 ሜትር ኩብ ይፈልጋል፤ ለመገጣጠሚያ የሚሆን ጥቂት ይጨመርበት።

6. ድንጋይ ማንጠፍ። ከዝቅተኛው ጫፍ ተጀምሮ ወደ ላይ ይሠራል፤ የተነጠፈው ድንጋይ አዲሱን ደግፎ ይይዘዋልና። የአንዱ ረድፍ መገጣጠሚያ ከሌላው ረድፍ መገጣጠሚያ ጋር ቀጥ ብሎ አይግጠም። ድንጋዩ 10 በ10 ሳ.ሜ. ሆኖ የ1 ሳ.ሜ. ክፍተት ሲጨመር ለ1 ካሬ ሜትር 83 ያህል ድንጋይ ይገባል። ለ24 ካሬ ሜትር 2,000 ግድም ነው። ለሚሰበረው ተጨምሮ 2,100 ቢቀርብ አይጎድልም።

7. መሙላትና መጠቅጠቅ። ደረቅ አሸዋ በመገጣጠሚያው ተጠርጎ ይገባል፤ መንገዱ ይጠቀጠቃል፤ እንደገና አሸዋ ይጠረጋል።

8. ፈተና። ከላይኛው ጫፍ ባልዲ ውሃ ይደፋና ይታያል። የሚቆምበት ቦታ ካለ ድንጋዩን በዚያው ቀን አንሥቶ ማስተካከል ነው።

7ኛ/ የውሃው ማረፊያ

ብዙ ጊዜ ሥራው እዚህ ላይ የተፈጸመ ይመስላል። መንገዱ ደረቅ ሆነ፣ ግቢው አማረ፣ ውሃውም በአጥሩ ሥር ወጣ። ግን ወጥቶ የት ሄደ? እንደኛ ባለ ተረተር ሰፈር ከአጥር በታች ሌላ ቤት አለ። የእኛ 12 በርሜል ውሃ በአንድ ቀዳዳ ተሰብስቦ ሲወጣ፣ ቀድሞ በመሬቱ ተበታትኖ ይወርድ ከነበረው ይልቅ ጉልበት አለው። ግቢያችንን ያደረቅነው የእማማን ጓዳ አርጥበን ከሆነ፣ ጭቃውን አስወገድን ሳይሆን አዛወርነው ማለት ነው። ጎረቤትም ይህን አይረሳም፤ በክረምት የተጀመረ የውሃ ጠብ በበጋም አይደርቅም።

ስለዚህ ከሚከተሉት አንዱን ወይም ሁለቱን መምረጥ ይገባል።

ሀ) የመንገድ ዳር ቦይ ካለ እስከዚያ ድረስ ከ1 እስከ 2 በመቶ ተዳፋት ባለው ቦይ መምራት። ቦዩ ቁልቁል ከሆነና አፈር ብቻ ከሆነ ስለሚሸረሸር፣ ወለሉን ድንጋይ ማልበስ ወይም በየቦታው ድንጋይ እየደረደሩ የውሃውን ፍጥነት ማብረድ።

ለ) ውሃውን እዚያው ግቢ ውስጥ ማስረግ። ከቤት ግድግዳ ቢያንስ 5 ሜትር ርቆ፣ ከመጸዳጃ ጉድጓድም ተለይቶ የተቆፈረና በድንጋይ የተሞላ ጉድጓድ ጥቂት ውሃ ይቀበላል። በቀይ አፈር ይሠራል፤ በጥቁር አፈር ግን ውሃው ስለማይሰርግ አይረዳም።

ሐ) ወደ ዛፍና ወደ አትክልት ቦታ መበተን። ከሁሉ የሚረክሰው ይህ ነው። ለትምህርት ቤት አትክልትም ጥቅም አለው።

መ) በበርሜል መያዝ። ለወለል መወልወያና ለተክል ውሃ ይሆናል።

ከታች ያለውን ጎረቤት ሥራው ሳይጀመር ማነጋገርም እንደ መለኪያ መሣሪያ የሚቆጠር ነው። «እማማ፣ በክረምት ውሃው በየት በኩል ነው የሚገባብዎት?» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ በቱቦ የማይገኝ መልስ ያገኛል። የሰፈሩ ሰው የውሃውን መንገድ ከአባቱ ጊዜ ጀምሮ ያውቀዋል እኮ!

8ኛ/ የሚታዩ ጉድለቶችና መፍትሔያቸው

— መንገዱ መካከል ውሃ ይቋጥራል። ምክንያቱ የገረጋንቲው በደንብ አለመጠቅጠቅ ነው። ከላይ አሸዋ መጨመር አያድነውም፤ ድንጋዩን አንሥቶ ከሥር መጠቅጠቅ ነው።

— የጠርዙ ድንጋይ ወደ ውጭ ተኝቷል። ምክንያቱ ድጋፍ ማጣቱ ነው። ከኋላው በሲሚንቶና በተጠቀጠቀ አፈር መደገፍ።

— ከመገጣጠሚያው አሸዋው ተጠርጎ ወጥቷል። የጣሪያ ውሃ እየወረደበት ነው፤ ወይም ተሻጋሪ ቦይ የለውም።

— የግድግዳው እግር ረጥቧል። ተዳፋቱ ተገልብጧል። ይህ የሚጠገን ሳይሆን ተነሥቶ እንደገና የሚሠራ ነው።

— መንገዱ ደህና ነው፤ ቦዩ ግን በቅጠልና በላስቲክ ተዘግቷል። መንገድ መሥራት ብቻውን አይበቃም። በግንቦት መጨረሻ ቦይ የሚጠርግ ተረኛ ክፍል መመደብ ያስፈልጋል።

9ኛ/ ለመምህሩ

ይህ ሥራ ለአስተማሪ ከአንድ በላይ ትምህርት ነው። ለሒሳብ መምህር ፐርሰንት፣ ሬሽዮ፣ ስፋትና ይዘት አለበት። ለሳይንስ መምህር የውሃ ከፍታ ሚዛንና የአፈር ዓይነት አለበት። ለጂኦግራፊ መምህር የአፈር መሸርሸርና ተፋሰስ አለበት። ተማሪው «ሁለት በመቶ» የሚለውን ቃል በደብተሩ ሲጽፍ ቁጥር ብቻ ነው፤ ባለ እንጨቱን ጣውላ ይዞ መሬት ላይ ሲያየው ግን ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም። ልጆቹን ከባድ ድንጋይ ማሸከም ግን አይገባም። የእነሱ ድርሻ መለካት፣ ማስላት፣ ሲባጎ መወጠርና ባልዲ ደፍቶ መፈተሽ ነው።

መልመጃ

1. በ15 ሜትር ርቀት የቱቦው ንባብ ከላይ 60 ሳ.ሜ.፣ ከታች 105 ሳ.ሜ. ሆነ። የርዝመት ተዳፋቱ ስንት በመቶ ነው?

2. 1.5 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በ2 በመቶ የጎን ተዳፋት ስንት ሳ.ሜ. ዝቅ ይላል?

3. የርዝመቱ ተዳፋት 6 በመቶ፣ የጎኑ 2 በመቶ፣ የመንገዱ ስፋት 1.2 ሜትር ነው። ውሃው ከመንገዱ እስኪወጣ ምን ያህል ቁልቁል ይጓዛል?

4. 10 በ5 ሜትር በሆነ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊሜትር ቢዘንብ ስንት በርሜል ይሞላል?

5. በሚቀጥለው ዝናብ ጃንጥላ ይዛችሁ ከዚህ ጋዜጣ ከተለጠፈበት ግድግዳ ጀምሮ ውሃውን እስከ መጨረሻው ተከተሉት። ከግቢው በየት ይወጣል? መጀመሪያ የሚደርሰው በማን ቤት ነው?

መልስ፦ 1) 3 በመቶ፤ 2) 3 ሳ.ሜ.፤ 3) 3.6 ሜትር፤ 4) 5 በርሜል። የ5ኛው መልስ ከዝናቡ በኋላ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የምንሠራውን መንገድ ንድፍ የምንጀምረው ከእሱ ነው።